የዛሬው በጠጥ ለነገ አይደር፦ ጥንቸልን ከአንጀት ጥገኛ የመጠበቂያ አሠራር

ጥንቸል ማርባት በጀመርኩበት ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ ጡት ካስጣልኳቸው 23 ግልገሎች 14ቱ በዐሥር ቀን ውስጥ ሞቱብኝ። ማታ ድርቆሽ ሲያኝኩ ትቻቸው እገባለሁ። ጠዋት ስወጣ አንዱ ጥግ ላይ ኩርምት ብሎ፣ ጀርባውን አጉብጦ፣ ጥርሱን እያፋጨ አገኘዋለሁ። የኋላ ጸጉሩ ርሷል። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ጀርባውን ስዳብሰው ግን እጄ ላይ የሚመጣው አጥንት ብቻ ነው። እማዬ በሩ ላይ ቆማ «ልጄ፣ ዓይን በልቷቸው ነው» አለችኝ። እኔ ደግሞ መርዛማ ሣር ሰጥቻቸው መሰለኝ። ሁለታችንም ተሳስተን ነበር።

የጨረሳቸው ኮክሲዲያ የሚባል የአንጀት ጥገኛ ነው። ዛሬ ቢሾፍቱ ጓሮዬ ውስጥ ስምንት እናቶችና ሁለት ወንዶች አሉኝ። በየክረምቱ ከዚሁ ጠላት ጋር እንተያያለን። በእኛ አገር ጥንቸል የማይበላበት ቤት ስለሚበዛ ገበያው ጠባብ ነው፤ አርቢውም ጥቂት ነው። የእንስሳት መድኃኒት ቤት ገብታችሁ «ለጥንቸል» ስትሉ ሻጩ ፈገግ ይልና የዶሮ መድኃኒት ከመደርደሪያ ያወርድላችኋል። ልጣፉ ላይ ያለው ልክም የዶሮ ነው። ስለዚህ ሥራውን እኛው ማወቅ አለብን።

1. መጀመሪያ ጠላታችሁን ለዩ

ኮክሲዲያ ትል አይደለም። በዓይን የማይታይ፣ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ነው። ሳይንሳዊ ስሙ አይሜሪያ ይባላል። ጥንቸል ላይ የሚታወቁት ዝርያዎች 11 ናቸው። ዐሥሩ አንጀት ውስጥ ይኖራሉ። አንዱ፣ አይሜሪያ ስቲዴ፣ ጉበት ውስጥ ያለውን የሐሞት ቱቦ ይይዛል። ከአንጀቶቹ ክፉዎቹ ኢንተስቲናሊስና ፍላቬሴንስ ናቸው። ማግናና ሚዲያ ያከሳሉ፣ ሲበዙም ይገድላሉ። ፐርፎራንስ ብቻውን ከመጣ እምብዛም አይጎዳም። ችግሩ ብቻውን አይመጣም፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ውስጥ ሦስት አራቱ ተቀላቅለው ይገኛሉ።

ጥገኛው የአንጀቱን የውስጥ ግድግዳ ሕዋሶች ገብቶ እየተባዛ ያፈርሳቸዋል። ምግብ የሚመጠጠው ደግሞ በዚያው ግድግዳ ነው። ስለዚህ ግልገሉ እየበላ ይራባል። ውሃውና ጨዉ በተቅማጥ ይወጣል። ሰውነቱ ሲዳከም ኢ ኮላይና ክሎስትሪዲየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች አጋጣሚውን አግኝተው ይፈላሉ። ቶሎ የሚገድለው ብዙ ጊዜ ይህ ድርብርብ ነው። የተረፈውም ቢሆን ያኔ የቆሰለ አንጀት ይዞ ስለሚያድግ ከወንድሞቹ ኋላ ይቀራል። መኖውን ግን እኩል ይበላል። እኔ ከሞቱት ይልቅ በእነዚህ ነው የከሰርኩት፤ የሞተ መኖ አይበላም።

አሁን ቁም ነገሩ። የታመመች ጥንቸል በበጠጧ ውስጥ የጥገኛውን እንቁላል ትጥላለች። የላቦራቶሪ ሰዎች ኦኦሲስት ይሉታል፤ እኔ እንቁላል እላለሁ። ይህ እንቁላል ትኩስ ሳለ አይዝም። ሌላ ጥንቸል ያን ሰዓት ብትበላው ምንም አትሆንም። መሬት ወድቆ አየር፣ እርጥበትና ሙቀት አግኝቶ መብሰል አለበት። ለዚህም እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ከ1 እስከ 4 ቀን ይፈጅበታል። ከበሰለ በኋላ ግን እርጥብ ቦታ ላይ ለወራት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አንዱ እንቁላል አንድ ግልገል ሆድ ከገባ በሺዎች ተባዝቶ ይወጣል።

እንግዲህ ይህችን አንድ ቀን ካልተጠቀምንባት ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። በጠጡ በወደቀበት ዕለት ከጎጆው ከወጣ ጥገኛው ይከሽፋል። ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ሁለት ነገር ላክል። የጥንቸል ኮክሲዲያ ሰው አይዝም፣ ዶሮም አይዝም። የዶሮውም ጥንቸል አይዝም። «ከዶሮ ጎን ስላስቀመጥካቸው ነው» የሚላችሁ ሰው ቢኖር እንዳትሰሙት። ዶሮ ከጥንቸል ጋር ማኖር ሌላ ጣጣ አለው፤ ኮክሲዲያ ግን ከዚያ ውስጥ የለም።

2. ጤነኛው በጠጥ ምን እንደሚመስል ዓይናችሁን አስለምዱ

ሲታመሙ ከመሯሯጥ ጤነኞች ሳሉ በጠጣቸውን እዩ። ጤነኛ በጠጥ ክብ ነው፣ ሽምብራ ያክላል፣ ደረቅ ነው፣ በጣት ሲፈረፍሩት ውስጡ የደቀቀ ሣር ይመስላል። ሽታው ቀላል ነው።

ጀማሪን የሚያስደነግጠው ሌላኛው ዓይነት ነው። ጥንቸል ለስላሳ በጠጥም አላት። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ፣ የሚሸት። ይህን ማታ ወይም ንጋት ላይ አንገቷን አጥፋ በቀጥታ ከፊንጢጣዋ ትበላዋለች። ቫይታሚንና ፕሮቲን የምታገኝበት መንገድ ነው። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን «ተቅማጥ ያዛት» ብዬ ሰልፋ የሚባለውን መድኃኒት ልሰጣት ነበር። በሽታ አይደለም። በኮክሲዲያም የምትያዘው በዚህ አይደለም፤ ያልበሰለ እንቁላል አይዝምና። የሚይዛት ቀናት የቆየው በጠጥ ከመኖዋ፣ ከውሃዋ ወይም ከጸጉሯ ላይ ተነካክቶ አፏ ሲገባ ነው።

እንግዲህ የሚያሳስበው ይህ ነው፦

ደረቁ በጠጥ እያነሰ፣ ቅርጹ እየጠፋ፣ እንደ ጭቃ ሲለጠፍ። ለስላሳው ዘለላ ሳይበላ ወለል ላይ ሲቀር። ንፍጥ መሰል ነገር ሲታይ። የኋላ ጸጉር ሲቆሽሽ። ጸጉር ሲንጨባረር። ግልገሉ ሌሎቹ ሲሯሯጡ እሱ ብቻውን ሲቀመጥ።

ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚነግራችሁ ግን ሚዛን ነው። የማእድ ቤት ዲጂታል ሚዛን ግዙ። ላዩ ላይ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጡ፣ ግልገሉን ጨምሩ፣ ጻፉ። ጡት ከጣሉ በኋላ ለአንድ ወር በየሦስት ቀኑ መዝኑ። በደህና ጊዜ ክብደቱ በየምዘናው ይጨምራል። ሁለቴ ተከታትሎ ባለበት ከቆመ ገና ተቅማጥ ሳይታይ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ግልገሉ የበሰለ እንቁላል ከበላ ተቅማጡ የሚታየው ከ4ኛው እስከ 6ኛው ቀን ገደማ ነው፤ ሞቱ ደግሞ በ10ኛው ቀን አካባቢ ይበረታል። ሚዛን በዚህ መካከል ሁለት ሦስት ቀን ይሰጣችኋል። ሁለት ሦስት ቀን ብዙ ነው።

ትልልቆቹ አያሳስቷችሁ። ተይዘው የዳኑ ጥንቸሎች ለዚያ ዝርያ መከላከያ ያበጃሉ፣ አምረው ይወፍራሉ፣ እንቁላሉን ግን ጥቂት ጥቂት ይጥላሉ። የእኔ ምርጧ እናት፣ ባለ ነጭ አፍንጫዋ፣ የምትዘራው እሷ ነበረች።

3. በጠጡን አስመርምሩ

የሰገራ ምርመራ ርካሽ ነው፤ ከሚሞተው አንድ ግልገል ዋጋ ይበልጣል ብዬ አላስብም። ናሙና አወሳሰዱ ላይ ግን ተጠንቀቁ።

ማታ ከጎጆው ስር ንጹሕ ፌስታል ወይም ካርቶን ዘርጉ። ጠዋት ከየጎጆው ጥቂት ጥቂት ትኩስ በጠጥ ሰብስቡ። መሬት ላይ የሰነበተውን አትንኩ። ግልገሎቹን ለብቻ፣ እናቶቹን ለብቻ በሁለት ክዳን ባለው ዕቃ አድርጉ። በላዩ ላይ ቀኑን፣ ዕድሜያቸውን፣ መድኃኒት ወስደው እንደሆነ ጻፉ። የዚያኑ ቀን አድርሱ፤ ካልሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር። ፍሪዘር አይደለም።

የት ትወስዱታላችሁ? ቅርብ ያለ የወረዳ የእንስሳት ክሊኒክ ማይክሮስኮፕ ካለው ይበቃል። ከሌለው የክልል የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪዎች አሉ፤ ኮምቦልቻ፣ ባሕር ዳር፣ አሰላ፣ ሶዶ። ለአዲስ አበባና ለአካባቢው ሰው ሰበታ ያለው ብሔራዊው ተቋም አለ። እኛ ቢሾፍቱዎች የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ ደጃችን ነው።

በማኅበር የምትሠሩና ማይክሮስኮፕ ያላችሁ ራሳችሁም ትችላላችሁ። የገበታ ጨው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከዚህ በላይ አልሟሟም እስኪል ጨምሩ፤ ለአንድ ሊትር ከ350 እስከ 400 ግራም ይገባል። 5 ግራም በጠጥ በ50 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ አድቅቁ። በሻይ ማጥለያ አጥልሉ። ጠባብ ቱቦ ውስጥ አፉ ድረስ ሞልታችሁ ትንሿን የመስታወት ክዳን አኑሩበት። 20 ደቂቃ ጠብቁ። እንቁላሉ ከጨው ውሃው ስለሚቀል ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። በመቶ እጥፍ ስታዩት ሞላላ፣ ጥርት ያለ ጠርዝ ያለው፣ መሐሉ ላይ ድቡልቡል ነገር የያዘ ሆኖ ይታያል።

አንድ ነገር እወቁ። እንቁላል መገኘቱ ብቻ በሽታ አይደለም፤ ጤነኛ ጥንቸል ላይም ይገኛል። ብዛቱን፣ ክብደቱንና ተቅማጡን አንድ ላይ አይታችሁ ነው የምትፈርዱት። ደግሞም ግልገሉ እንቁላል መጣል ሳይጀምር ሊሞት ይችላል። «ኔጌቲቭ ነው» ተባልኩ ብላችሁ አትዘናጉ።

4. ጎጆውን በጠጥ የማይተኛበት አድርጉት

መሬት ላይ በገለባ የሚረቡ ጥንቸሎች ያምራሉ፤ ለኮክሲዲያም ሠርግና ምላሽ ናቸው። ጎጆው ከመሬት ከፍ ይበል፤ እኔ አንድ ሜትር አድርጌዋለሁ፣ መጥረጊያ እንዲገባ። ወለሉ ሽቦ ይሁን። ቀዳዳው 1.25 በ2.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በጠጡ ይወድቃል፣ እግራቸው አይሾልክም። ሽቦው እግራቸውን እንዳያቆስል ጥግ ላይ አንዲት ጣውላ አኑሩላቸው፤ ጣውላዋ ግን በየቀኑ ትነሳ፣ ትፋቅ፣ ፀሐይ ላይ ትሰጣ። ሁለት ይኑሯችሁ፤ አንዷ ስትደርቅ ሌላዋ ትግባ።

ድርቆሽና ቅጠል ወለል ላይ አይጣል። ከጎን የሽቦ ቅርጫት ሥሩ። ጥንቸል ወለል ላይ የወደቀ ሣር ላይ ትተኛለች፣ ትሸናለች፣ ከዚያ ትበላዋለች። ውሃ በክፍት ጣሳ ካለ ግልገሎቹ ገብተው ይቆሙበታል። የተገለበጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ የሚገጠም፣ ሲልሱት ውሃ የሚሰጥ ኒፕል ይሻላል። ኒፕሉ እንዳይንጠባጠብ ግን እዩ፤ ከስሩ ያለው እርጥብ ቦታ እንቁላሉ የሚበስልበት ምጣድ ነው።

የየቀኑ ሥራ እንዲህ ነው። ጠዋት መኖ ከመስጠት በፊት ሽቦው ላይ የቀረውን በጠጥ በደረቅ ብሩሽ ወደ ታች አራግፉ። ጥጉን አትርሱ፤ ጥንቸል ሁልጊዜ አንድ ጥግ ትመርጣለች። ከስር የወደቀውን ጥረጉና አውጡ። ከዚያ እጃችሁን ታጠቡ። ከዚያ ነው መኖ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። እኔ ዐሥር ጎጆ ለማራገፍ 20 ደቂቃ ይበቃኛል። ከግልገሎቹ ጀምሩና ወደ ትልልቆቹ ሂዱ። ከትልልቆቹ ወደ ግልገሎቹ አትመለሱ። በተቻለ መጠን ብሩሹም የተለየ ይሁን።

ስለ በረኪና ልናገር። በረኪና ባክቴሪያ ይገድላል፤ የኮክሲዲያ እንቁላል ግን ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ አይበግረውም። አብዛኞቹ የጀርም ማጥፊያ ማጠቢያዎችም እንዲሁ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት በረኪና እያፈሰስኩ ጎጆው ሲሸተኝ «ጸዳ» እል ነበር። እንቁላሉን የሚገድለው የፈላ ውሃ፣ እንፋሎት፣ እሳትና ድርቀት ነው። ስለዚህ በሳምንት አንዴ፣ በክረምት ሁለቴ፣ ጎጆውን ባዶ አድርጉ። መጀመሪያ የተጣበቀውን ቆሻሻ በሽቦ ብሩሽ ፋቁ፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ የፈላ ውሃ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከዚያ የፈላውን ውሃ ከምድጃ እንደወረደ አፍስሱ። ከዚያ ፀሐይ። ሙሉ ብረት የሆነውን ጎጆ በጋዝ ነበልባል መለብለብም ይቻላል፤ እንጨት ያለበትን ግን ተዉት፣ ጎረቤቴ ግማሽ ጎጆ አቃጥሏል። አሞኒያም ይገድለዋል። ለጓሮ አርቢ ግን አልመክረውም፤ ትነቱ የራሳችሁንም የጥንቸሎቹንም ሳንባ ይጎዳል። ከበረኪና ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

የተጠረገው በጠጥስ? እዚህ ጋ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። የጥንቸል በጠጥ ግሩም ማዳበሪያ ነው ሲባል ሰምቼ በየጠዋቱ የጠረግኩትን አልፋልፋው መደብ ላይ እበትነው ነበር። አልፋልፋውን እያጨድኩ ለግልገሎቹ እሰጣለሁ። በአንድ እጄ ጠርጌ በሌላው አጉርሻቸዋለሁ ማለት ነው! በጠጡን ከጎጆውና ከመኖ መደብ ራቅ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ከምሩ፣ ሸፍኑ፣ ቢያንስ 6 ወር ይብላላ። ከዚያም ቢሆን ለቡና፣ ለአቮካዶ፣ ለአበባ ይሁን። ጥንቸል ለሚበላው ነገር አትጠቀሙበት።

5. ጡት የማስጣያውን ሳምንት በጥንቃቄ እለፉት

በሽታው የሚመታው ጡት ከጣሉ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የእናት ወተት ጥበቃ ይቀራል፣ መኖ ይለወጣል፣ ጎጆ ይለወጣል፣ ሁሉም ባንድ ቀን። አንጀት ይረበሻል። ጥገኛውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ከ5 ሳምንት በፊት አታስጥሉ። በማስጣያው ዕለት ግልገሎቹን ከማንሳት ይልቅ እናቲቱን አንሱ፤ እነሱ በሚያውቁት ጎጆ ይቆዩ። ጎጆው ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት በደንብ መጽዳት አለበት። የተለያዩ እናቶችን ልጆች አታቀላቅሉ። ቦታ ለመቆጠብ ሦስት ቤተሰብ አንድ ላይ አጉሬ ነው ነሐሴ ላይ ያለቁብኝ።

መኖውን ለአንድ ሳምንት እንዳለ ተዉት። ከዚያ አዲሱን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨመራችሁ በሌላ አንድ ሳምንት ቀይሩ። ድርቆሽ ሁልጊዜ ፊታቸው ይኑር። ፉርሽካና ፋጉሎ ሲበዛ፣ ድርቆሽ ሲያንስ የአንጀታቸው ተፈጥሯዊ ሥርዓት ይናጋል። ጠዋት ጤዛ ያለበትን ሣር አጭዳችሁ ወዲያው አትስጡ፤ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ዘርግታችሁ ግማሽ ቀን ይጠውልግ። የገበያ ጎመንና የካሮት ቅጠል ይታጠብ፣ ውሃው ይንጠፍጠፍ። ለእናቲቱም፣ ከመውለዷ በፊት የመውለጃ ሳጥኑ በፈላ ውሃ ይታጠብ፣ አዲስ ገለባ ይግባበት። አሮጌው ገለባ ይቃጠል።

ከሰኔ እስከ መስከረም ልዩ ወቅት ነው። ውሽንፍር ወደ ጎጆ እንዳይገባ የዝናቡን ጎን በሸራ ከልሉ፤ ሌላው ጎን ክፍት ይሁን፣ አየር ይግባ። ሁሉንም ዘግቶ ማሞቅ የባሰ ነው።

6. ከታመሙ መድኃኒቱን በልኩ

አንዱ ካስቀመጠው የቡድኑ ሁሉ ጉዳይ ነው። ሁሉንም አብራችሁ አክሙ። በጣም የደከመውን ለዩት። ኦአርኤስ በንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ከአፉ ጎን ጥቂት ጥቂት ስጡ፤ ትን እንዳይለው ቀስ በሉ። ፉርሽካ አቁሙ። ድርቆሽ አታቋርጡ።

ቶልትራዙሪል ካገኛችሁ እኔ የማስቀድመው እሱን ነው። 2.5 በመቶ የሆነው ፈሳሽ በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ይገባል። ለ2 ቀን ተከታትሎ ይሰጣል፤ ከ5 ቀን በኋላ ለ2 ቀን ይደገማል። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ። በጠርሙሱ ላይ ያለውን መቶኛ ሁለቴ አንብቡ፤ 5 በመቶ የሆነውም ይሸጣል፣ ልኩ አንድ አይደለም። በመድኃኒቱ ቀናት እርጥብ ቅጠል አትስጡ። ቅጠል የበላች ጥንቸል ውሃ አትጠጣም፤ ካልጠጣች መድኃኒቱ አልገባም።

የሰልፋ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ሰልፋዲሜቶክሲንና ሰልፋኪኖክሳሊን፣ አሮጌ ናቸው ግን ይሠራሉ። ለጉበቱ ዓይነትም ይረዳሉ። ልኩን ሐኪም በክብደታቸው ያስላላችሁ፤ ውሃ እንዳይጎድልባቸው፣ ኩላሊት ይጎዳልና። አምፕሮሊየም መድኃኒት ቤት ሁሉ አለ። ከምንም ይሻላል፤ ክፉኛ በተጎዳ ግልገል ላይ ግን ብዙ ተስፋ አላደርግበትም። ሻጩ አብሮ ቫይታሚን ቢ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ አትቀላቅሉት። አምፕሮሊየም የሚሠራው የጥገኛውን ቫይታሚን ቢ 1 በመሻማት ስለሆነ አንዱ ሌላውን ያከሽፈዋል።

እዚህ ላይ ደግሞ ድምፄን ከፍ ላድርግ። በዚያ ነሐሴ አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ «ጥንቸሎቼ ተቅማጥ» ስል ሻጩ አሞክሲሲሊን ዱቄት ሰጠኝ። በውሃ በጠበጥኩት። በማግስቱ ተቅማጥ ያልነበራቸው ሳይቀሩ ወደቁ። አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ፔኒሲሊን፣ ሊንኮማይሲን፣ ክሊንዳማይሲን ለጥንቸል በአፍ አይሰጡም። ጥንቸል ሣር የምትፈጨው ሴከም በሚባለው ከረጢት መሰል አንጀት ውስጥ ባሉ ደግ ባክቴሪያዎች ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ደጎቹን ጨርሰው ክፉውን ክሎስትሪዲየም ያነግሡታል። ጎጆዬ ላይ አሁን በማርከር ጽፌ ለጥፌዋለሁ።

የዶሮ መኖም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። አንዳንድ የዶሮ መኖ ኮክሲዲያ መከላከያ ተቀላቅሎበት ይመጣል። ናራሲንና ማዱራማይሲን ጥንቸልን ይመርዛሉ። ሳሊኖማይሲንና ሞኔንሲንም ልካቸው ትንሽ ካለፈ ይገድላሉ። ጆንያው ላይ ወይም ካርዱ ላይ ምን እንደተጨመረ ካልተጻፈ ለጥንቸል አትስጡ። ርካሽ ነው ብላችሁ አትሳቡ።

መድኃኒት በምትሰጡባቸው ቀናት ጎጆውን የፈላ ውሃ አልብሱት። ካልሆነ በመድኃኒት ያወጣችሁትን ከወለል መልሰው ይበሉታል። የታከመውን ደግሞ ሐኪሙ የሚነግራችሁ ቀን ሳይሞላ ለሥጋ አትሽጡ።

7. የሞተውን ከፍታችሁ እዩ

ደስ አይልም። ግን የሞተው ነው ለሚኖሩት የሚመሰክረው። ጓንት አድርጉ፣ ጋዜጣ ዘርጉ፣ ሆዱን በመቀስ ከፍታችሁ እዩ።

አንጀቱ አብጦ ውሃ ከሞላ፣ ግድግዳው ላይም ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ካሉ የአንጀት ኮክሲዲያን ጠርጥሩ። ጉበቱ አብጦ ነጭ ወይም ቢጫ እባጮች ተዘርተውበት፣ ስትቆርጡት እንደ ወተት ያለ ነገር ከወጣው የጉበቱ ዓይነት ነው። እኔ የመጀመሪያውን ጉበት ስከፍት በርበሬ ላይ የተበተነ ሩዝ ነው የመሰለኝ።

ሞራው ላይ ጥርት ያለ ውሃ የቋጠሩ፣ አተር የሚያክሉ ከረጢቶች ብታዩ ግን ኮክሲዲያ አይደለም። የውሻ ኮሶ ትል እጭ ነው። ውሻው ሣሩ ላይ ይጸዳዳል፣ ጥንቸሏ ሣሩን ትበላለች፣ እናንተ የታረደችውን ጥንቸል ሆድ ዕቃ ለውሻው ትወረውራላችሁ፣ ዙሩ ይሞላል። ሆድ ዕቃ ለውሻ አትስጡ፤ ቅበሩት። ውሻውም የትል መድኃኒት ይውሰድ።

ሴከሙ ውስጥ ነጭ ክር የሚመስሉ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞሉ ትሎች ሲራወጡ ልታዩ ትችላላችሁ። ፓሳሉረስ ይባላሉ። ቢበዙ ነው እንጂ እምብዛም አይጎዱም፤ እማዬ እንደፈራችውም ልጆችን አይዙም። ፌንቤንዳዞል በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ለ5 ቀን ያጠራቸዋል። አይቨርመክቲን ለእነዚህ አይሠራም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ከረግረግ ዳር የታጨደ ሣር ደግሞ የጉበት ትል ይዞ ይመጣል፤ በግና ላም የሚይዘው ያው ትል ጥንቸልንም ይይዛል።

8. እንግዳ ጥንቸል ስትገዙ

አዲስ የመጣች ጥንቸል ከሌሎቹ ቢያንስ 3 ሳምንት ተለይታ ትቆይ። በጠጧ ይመርመር። የጉበቱ ኮክሲዲያ ከገባ በኋላ እንቁላሉ በበጠጥ እስኪታይ ከ2 ሳምንት በላይ ስለሚወስድ፣ በመጣች ማግስት የተደረገ ምርመራ ብቻውን አይበቃም። በሦስተኛው ሳምንት ይደገም። መጨረሻ የምትመገበው፣ መጨረሻ የምትጸዳው እሷ ትሁን። ባለፈው ጥቅምት አንድ ወዳጄ ግዙፍ ወንድ አመጣልኝና «እንዴት ያምራል፣ ዛሬውኑ ከእናቶቹ ጋር አገናኘው እንጂ» ሲለኝ፣ ጓሮ ጥግ ያለችውን ብቸኛ ጎጆ አሳየሁት። በመጀመሪያው ምርመራ ንጹሕ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን የላቦራቶሪው ልጅ ማይክሮስኮፑን ወደኔ አዙሮ «ና እያቸው፣ ሞልተዋል» አለኝ።